የአያርፌ ኩላሊት

ሰፈሩ «አያርፌ» ይለዋል። ቀን የፋብሪካውን የሽመና ማሽኖች ዘይት ያጠጣል፤ ከሥራ ሲወጣ ለፋብሪካው ክለብ ይሮጣል። ከሚስቱና ከልጁ ጋር የሚኖርባት አንዲት ክፍልም የክለቡ ናት። በዓመቱ ውድድር ከአምስተኛ በታች የወጣ ሯጭ የክፍሉን ቁልፍ ያስረክባል።

በሩ ሲከፈት አልጋውን ይገጫል። አያርፌ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚመለሰው ወደዚችው አራት እርምጃ ነው።

ጉልበቱን ካመመው ሁለት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለት ማስታገሻ ክኒን በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውጣል፤ ከዚያ በላይ አይጠጣም። አሠልጣኙ «ውሃ ሸክም ነው» ብሎ ሯጮቹን አሳምኗቸዋል።

ለውድድሩ አራት ቀን ሲቀረው ሽንቱ ጠቆረበትና ክሊኒክ ሄደ።

«ምን ይመስላል?» አለችው ሐኪሟ።

«ሻይ፣ ዶክተር።»

«ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው ዓይነት።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መረመረችው። «ልብህ ሰፋ ብሏል፤ የሯጭ ልብ ነውና አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ኩላሊትህ ነው። ስትሮጥ ደምህ ወደ እግርህ ይነጉዳል፤ ለአንጀትህና ለኩላሊትህ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የተጎዳው ጡንቻህ ደግሞ ቆሻሻውን እዚያው ኩላሊትህ ላይ ይደፋል። አንተ ውሃ ትነፍገውና በላዩ ክኒን ትጨምርበታለህ።»

ወረቀት ላይ ጻፈችለት፦ ሁለት ወር ሩጫ የለም፤ ክኒኑ ይቁም፤ ውሃ በደንብ ይጠጣ።

ወረቀቱን ከጫማው የውስጥ ሶል ሥር ሸሸገው። ሚስቱ ጫማውን ስታሰጣ ሁልጊዜ ሶሉን እንደምታወጣ እንዴት እንደዘነጋው እንጃ።

አነበበችው። ውድድሩ ባለበት እሁድ ጠዋት ያለው አንድ የሩጫ ጫማ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ተገኘ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ማድረግሽ ነው?»

«ጠጣ ተብለህ እምቢ አልክ። ጫማህን አጠጣሁልህ።»

ሊስቅ ከጀለውና ተወው። ጫማውን ጨመቀ፣ አሰረ፣ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ።

ረፋዱ ላይ አራተኛ ወጥቶ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ። መጋረጃው ወርዷል። ፍራሹ ተጠቅልሎ ደጅ ላይ ነው፤ ልጃቸው በላዩ ተቀምጣለች።

«ቤቱን እኮ አስቀርቼዋለሁ» አላት ሚስቱን።

«ሰማሁ። ለከርሞስ በምንህ ልታስቀረው ነው?»

«የት ልንገባ?»

«እህቴ ጋ።»

«እሷስ ያለችው ከዚህ በጠበበች ክፍል ነው።»

«እዚያ ሩጥ የሚልህ የለም።»

ውሃ የሞላ ጆግ አቀበለችው። አንድ ጉንጭ ጠጣላትና ጆጉን ሊመልስላት እጁን ዘረጋ። እሷ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች።