የቆላዋ ኤሊና የእናቴ መደብ

በ1991 ዓ.ም. ጥር ሊወጣ ሲል ነው። የመንዝ የበጋ ፀሐይ ቀን ቀን ታታልላለች እንጂ ማለዳው ውርጭ ነው። ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሲረግጡት ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ልጅ ነበርኩ። ኤሊዬ መብላት የተወችው በዚያ ወር ነው።

ኤሊዋን ያመጡልን ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ቤታቸው ወደ መርሐቤቴ ቆላ ነው፤ እናቴም ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ጋሼ ደምሴ ማሽላና በርበሬ በአህያ ጭነው ወደ ቀየት ገበያ ይወጣሉ፤ ገብስና የበግ ፀጉር ይዘው ይወርዳሉ። ኅዳር ላይ ማሽላ ሲያጭዱ ያገኟትን ኤሊ ከጆንያው አናት ላይ አስረው አመጧትና ከእናቴ እግር ሥር አስቀመጧት።

«እታለም፣ የአገርሽን ሰው አመጣሁልሽ» አሉ።

«ሌላ ሰው አጣህ?» አለች እናቴ።

«ሌላውማ ዳገቱን ሲያይ ይመለሳል። አልሄድም ያላለችኝ ይህቺ ብቻ ናት።»

እናቴ ሳቀች። እሷን ስትስቅ ማየት ብርቅ ስለነበር ነው መሰለኝ ኤሊዋን ወዲያው ወደድኳት። አረማመዷ የባላባት ሚስት ይመስላልና «እሜቴ» አልኳት። ጎመን ስሰጣት አንገቷን ቀስ ብላ ታወጣና ቅጠሉን ከጠርዙ ትቆርጠዋለች፤ አፏ ሲገጥም የመቀስ ድምፅ አለው። ቅርፊቷን ሳሸተው አቧራና ደረቅ ሣር ይሸታል። ያላየሁት የእናቴ አገር እንዲህ ይሸት ይሆናል እል ነበር።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቄስ ነበሩ። የነነዌ ጾም የገባ ሰኞ ቤተ ክርስቲያን ወስደውኝ የዮናስን ታሪክ ሲያስተምሩ ሰማሁ። ንጉሡ ሰውን ብቻ ሳይሆን ላሙም በጉም እንዳይበላ እንዳይጠጣ አዘዘ፤ እግዚአብሔርም አይቶ ማራቸው አሉ። እኔ እንድጾም ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደልኝ በዚያ ዓመት ነበርና ቃሉ ልቤ ውስጥ ገባ። ላሞቹን ላስጾም አልችልም፤ በጎቹም የአባቴ ናቸው። የእኔ የምላት እንስሳ እሜቴ ብቻ ናት። ስለዚህ ጎመኑን ከፊቷ አነሣሁ፤ የውኃ ጣባዋንም ደፋሁ። እኔ ቀትር ሲሆን እበላለሁ። እሷን እስከ ማታ ላስጾማት ነበር ያሰብኩት፤ ማታ ሲሆን ግን ጨዋታ ይይዘኝና እረሳታለሁ።

ጾሙ ሲፈታ ጎመን ይዤላት ሄድኩ። አንገቷ አልወጣም። ቅጠሉን ከአፏ ላይ አሻሸሁት። እግሯን ጎተት ባደርገው እንደ ወትሮው አልሰበሰበችውም፤ እንደ ጎተትኩት ቀረ። ነገሩ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነበር። ጎመኑ እየተረፈ፣ እሷም ከጥግ አልንቀሳቀስ እያለች ነበር፤ እኔ ግን አላስተዋልኩም። ያን ቀን ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ በረሃብ ገደልኳት።

ለማንም አልተናገርኩም። የመንዝ ሰው ለብርዱም ለበሽታውም የሚያውቀው መድኃኒት ባና ነው። ከበግ ፀጉር የተሠራውን ያን ወፍራም ልብስ ከአያቴ አልጋ ሰርቄ እሜቴን ጠቀለልኳትና ቅርጫት ውስጥ አስተኛኋት። ጠዋት ስገልጣት እንደ ማታዋ ናት። እንደገና ጠቀለልኳት። ባናው ከላይ ይሞቃል፣ እሷ ከሥር ትቀዘቅዛለች። በመጨረሻ የቀረኝ ጠበል ነው። በማለዳ ከምንጩ በቅል ቀድቼ ከቤት ጀርባ አፈሰስኩባት። እጄ በቅዝቃዜው ደነዘዘ። ማርያምን እየለመንኩ ሳፈስ እናቴ ከኋላዬ መጣች።

«ምንድን ነው የምታደርጊው?»

«ጠበል እያጠመቅኋት ነው።»

«ምን ሆና?»

መሬት መሬት እያየሁ «አስጾሜያት ነው» አልኩ። «የነነዌን። ከዚያ ወዲህ አልበላ አለችኝ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ቁጢጥ አለችና የኤሊዋን እግር የሕፃን እጅ እንደሚያዝ አድርጋ ያዘች።

«ጾምሽ አይደለም» አለች። «እሷ ከዚህም የባሰ ትጾማለች። በርዷት ነው።»

«ባና አልብሻት ነበር እኮ።»

«ባና እሳት አይደለም። ያለሽን ሙቀት ነው የሚጠብቅልሽ። እሷ የራሷ ሙቀት የላትም፤ የሚያሞቃት ፀሐይ ነው። ድንጋይ ባና ብታለብሺው ይሞቃል?»

ከቤታችን ጀርባ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተካበ የድንጋይ መደብ ነበረ። ነፋስ አያገኘውም፤ የጠዋት ፀሐይ ከግቢያችን ሁሉ መጀመሪያ የምታርፈው እሱ ላይ ነው። የእናቴ ቦታ ነበር። ሌላ ሰው ሲቀመጥበት አላየሁም፤ ለምን እንደሆነም ጠይቄ አላውቅም። ኤሊዋን በነጠላዋ አደራረቀቻትና እዚያ አስቀመጠቻት። እኛም ግራና ቀኝ ተቀመጥን።

«እኔም ስመጣ እንዲህ ነበርኩ» አለች። «እህል አልወርድ አለኝ። አያትሽ ባና በባና ላይ ደረቡብኝ፤ ብርዱ አልለቀቀኝም። አባትሽ አንድ ቀን ምንም ሳይሉ ይህን መደብ ካቡልኝ።»

«ከዚያ ተሻለሽ?»

«ሞቀኝ።»

«አገርሽ መመለስ አላማረሽም?»

«አማረኝ። በኋላ የምቆይበት መጣ።» ይህን ስትል ወደ እኔ ዞር አለች።

«እሷም እኔ አለሁላት» አልኩ።

እናቴ አልመለሰችልኝም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እሜቴን መደቡ ላይ ማውጣት ሥራዬ ሆነ። ድንጋዩ ሞቅ ሲል መጀመሪያ ጥፍሯ ይታያል፤ ከዚያ እግሯ፤ ከዚያ ያ የተሸበሸበ አንገቷ። ማታ ከምድጃው አጠገብ ትገባለች። አንድ ቀን የጎመኑን ጠርዝ ቆረጠች። የመቀሱን ድምፅ ስሰማ ሮጬ ለአባቴ ነገርኳቸው፤ «ተመስገን በይ» አሉኝ፤ ተመስገን አልኩ። ኃጢአቴ የተሰረየ መሰለኝ። እሜቴ አሁን የእኔ ናት፤ ከሞት ያዳንኳት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጋሼ ደምሴ ለገበያ ወጡና እኛ ቤት አደሩ። እራት ሲበላ እናቴ «ነገ ከአጎትሽ ጋር ትወርዳለች» አለችኝ።

«ድናለች እኮ። በላች እኮ፣ እማዬ።»

«በፀሐይ በላች። ሐምሌ ሲመጣስ? ፀሐይ በሌለበት ምን ታደርጊያታለሽ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺው በእጅሽ ስጫቸው።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ደምሴ አህዮቻቸውን ሲጭኑ እሜቴን ወስጄ ከገብስ ጭዱ ክምር ውስጥ ቀበርኳት። ከዚያ መጥቼ ጠፋች አልኩ።

ጋሼ ደምሴ ሳቁን አልቻሉትም። «ከኤሊ ተሽቀዳድሞ የተሸነፈ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። «በየት በኩል ሮጠች? አቧራዋ እንኳ አልታየኝም።» ከአጥሩ ሥር፣ ከእንጨት ክምሩ ኋላ እየዞሩ ፈለጓት። እናቴ አልፈለገችም። ደጃፉ ላይ ቆማ እኔን ታያለች። በመጨረሻ «ይመሽብሃል፣ ሂድ» አለቻቸው። እሳቸውም ሄዱ። ቁልቁለቱን አህያ የሚወርደው በጠዋት ስለሆነ፣ አፋፉ ላይ ካለ ዘመድ ቤት ያድራሉ።

ማታ እናቴ የበሰለውን አቅርባ ስትጨርስ፣ ለብቻው ያስቀመጠችውን አንድ ጥሬ የጎመን ቅጠል አንሥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የዚያች የጠፋችው ነው፣ ብትመጣ።»

እንጀራዬን ትቼ ተነሣሁ። ቅጠሉን ይዤ ተኛሁ፤ ወደ ጭዱ ክምር ለመውጣት ግን ጨለማውን ፈራሁ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ኑሮዬ መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ ልጆቼ ሲዋሹኝ ብዙ እናገራለሁ፤ ተናግሬም ስጨርስ ያችን የጎመን ቅጠል አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ለብርድ ባና ነበረን፤ ዛሬ በየአልጋው ብርድ ልብስ አለ፣ ቤታችንም ቆርቆሮ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ፀሐይ የምታርፍበት መደብ ለማንም አልካብኩም። እናቴ አሁንም እዚያው መደቧ ላይ ትቀመጣለች። አባቴ ካረፉ ወዲህ ወደ እኔ ነዪ ብላት እንቢ ብላኛለች። በየዓመቱ ለነነዌ ጾም እሄድና በግራዋ በኩል እቀመጣለሁ፤ በመካከላችን ኤሊ የምታህል ቦታ ክፍት ትተዋለች። ወደ ተወለደችበት አገር የወረደችው ለልቅሶ ብቻ ነው። «የምቆይበት መጣ» ያለችኝ እኔን መሆኑ የገባኝ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ሳለሁ ነው። ያን ቀን «እሷም እኔ አለሁላት» ስላት ለምን ዝም እንዳለችም ያኔ ገባኝ። ከአገሯ ስላስቀረኋት ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋትም። እሷም ጠይቂኝ አላለችኝም።

ቅጠሉን ይዤ ባደርኩ በማግሥቱ፣ ሰኞ፣ ላሞቹ ሳይወጡ ተነሣሁ። የጭዱን ክምር ውርጭ አልብሶታል። እጄን አስገብቼ ሳወጣት የወንዝ ድንጋይ ነበረች፤ እግሯም አንገቷም የሉም። መጀመሪያ ያሰብኩት ባናውን ነው፤ ቀጥሎ እናቴ ያለችው ትዝ አለኝ። ቀሚሴን ከፈት አድርጌ ኤሊዋን ከጎመን ቅጠሏ ጋር ከሆዴ ቆዳ ላይ አስገባኋትና በላይዋ መቀነቴን አጠበቅሁ። ቅዝቃዜዋ ትንፋሼን ቀጥ አደረገው።

ዞር ስል እናቴ መደቧ አጠገብ ቆማለች፤ ፀሐይ ገና አልደረሰባትም። የት ነበረች አላለችም። የለበሰችውን ባና አውልቃ በእኔ ላይ ደረበችና ከአንገቴ ሥር ቋጠረችው።

«አሁን ባናው ይሠራል» አለች። «በላይኛው መንገድ ሂጂ። እንዳትወድቂ።»

ጋሼ ደምሴ ወዳደሩበት አፋፍ ሮጥኩ። ሲደክመኝ እየተራመድኩ፣ ትንፋሽ ሲመለስልኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ሆዴ ደንዝዞ እሷን ከራሴ መለየት አቅቶኝ ነበር። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል አንድ ነገር ሆዴን ቧጠጠኝ። ቆም አልኩ። ደግማ ቧጠጠችኝ። ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ከኋላዬ ነው፤ ጋሼ ደምሴ ሄደው ከሆነ ማንም አይወቅሰኝም። ትንሽ አለቀስኩና ከበፊቱ ይልቅ ፈጠንኩ።

ጋሼ ደምሴ የመጨረሻዋን አህያ ጭነው ገመድ ሲያጠብቁ ደረስኩ። ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ ከታች ሞቅ ያለ የማሽላ አገዳ ሽታ ያመጣል።

«እህ፣ ተያዘች?» አሉ።

መቀነቴን ፈታሁ። እሜቴ አንገቷን ግማሽ አውጥታ ነበር። የጎመን ቅጠሏን ከላይዋ አደረግሁና በእጄ ሰጠኋቸው።