ምን ዋጋ አለው እና ማሞቂያው

በሆስፒታሉ ምድር ቤት የሚሠራው ጠጋኝ ቅጽል ስሙ «ምን ዋጋ አለው» ነው። ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፤ ከአፉ የማይጠፋውን ቃል መልሰው ለራሱ ሰጡት። ሥራው ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ጨቅላዎች የሚተኙበትን ማሞቂያ መጠገን ነው። እንጀራው ከዚህ ሆኖ ሳለ፣ እንደ መወለድ ያለ ስህተት የለም ብሎ ሲሰብክ ይውላል።

ስብከቱ አጭር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተጨመረባትም። ያልተወለደ አይራብም፣ አያለቅስም፣ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም። የሞተም እንደዚያው። መከራው ሁሉ መሃል ላይ ነው፤ ታዲያ ምን ቢሉ ይጀምሩታል? ይህን ሲል አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ከእሱ በፊት ያሰበ ሰው ያለ አይመስለውም። አበባ ይዘው ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚወጡትን ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል። በእሱ ቤት ሁሉም ጅሎች ናቸው።

ሚስቱ የሞተች ጊዜ እንኳ አላረፈም። ሊያጽናኑት የመጡትን ቁጭ አድርጎ፣ «ለምን ታለቅሳላችሁ? የሌለ ሰው ምን ይጎድልበታል?» አላቸው። የሚስቱ እህት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ እስከ ዛሬ አታናግረውም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ግን ጥግ ይዛ ሁሉንም ሰማች። ሌላው አባት ቤት ያወርሳል፤ እሱ ያወረሳት ይህንኑ ነው።

እንዲህ የሚራቀቀው ሰውዬ አንድ አመል አለው። ማሞቂያ ጠግኖ ሲጨርስ መለኪያውን አያምንም። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ባዶ ክንዱን በማሞቂያው ጎን ባለችው መስኮት አስገብቶ ድፍን አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ካለበት እንደገና ይፈታዋል። ሰዓቱ ሳይሞላ ክንዱን ካወጣ ደግሞ «ሀ» ብሎ ይጀምራል። አለቃው ጊዜ አታባክን ብሎ ስንቴ ለምኖታል። አለቃውም ጅል ነው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ክንዱን ማሞቂያው ውስጥ እንደከተተ ልጁ ወደ ምድር ቤት ወረደች። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አስተማሪ ናት፣ ባለትዳር ናት። እንደቆመች ነገረችው። አርግዛለች። ለባሏ አልነገረችም። ዓርብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች፤ ትውለደው ወይስ ታስወርደው የዚያን ቀን ይለይለታል። ከልጅነቷ የሰማችው የእሱ ቃል እንቅልፍ ነስቷታል።

ሌላ አባት ቢሆን ተነስቶ ያቅፋት ነበር። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ስብከቱን ጀመረ፤ ያልተወለደ አይራብም፣ አያለቅስም... ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወደ ማሞቂያው ጠቆመች።

«አባዬ፣ ክንድህ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«መለኪያው ይዋሻል። ሙቀቱ ሳይታወቅ ሊወርድ ይችላል።»

«ቢወርድስ?»

«ቢወርድማ ጨቅላዎቹ ይሞታሉ።»

«ይሙቱ። ምን ይጎድልባቸዋል?»

ለነርሶቹም፣ ለአለቃውም፣ ለለቀስተኛውም ሲሰብክ የኖረው ሰውዬ ዓይኑን ወደ መለኪያው አዞረ። አፈረ። ተነስቶ እንዳይሄድ አርባ ደቂቃ ሞልቶታል፤ ክንዱን ቢያወጣ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ እንደተወተፈ ቀረ፣ ልጁን ከማየት በቀር የሚያደርገው ጠፋ። አገጯ የእናቷ ነው። ያቺ ሴት ይህችን ልጅ እንዲህ ቆማ ስትሞግተው ሳታይ በመሞቷ አንድ ነገር ጎድሎባታል ብሎ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አሰበ። የራሱን ጅልነት አበባ ይዘው ከሚወጡት ሰዎች ጅልነት ለይቶ ማየት አቃተው።

ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። የግድግዳውን ሰዓት አይታ ሃያ ደቂቃ እንደሚቀረው ነገረችው። ሁለቱም ጠበቁ።

ሰዓቱ ሲሞላ ክንዱን አወጣና እጅጌውን ዘረጋ። ቀና ብሎ አላያትም።

«ለባልሽ ንገሪው» አላት። «ልጁ ግን ቀኑን ጠብቆ ይምጣ። እኔ ይህን ዕቃ አላምነውም።»