የእትዬ ክሎሪን ጣውንት

እትዬ ክሎሪን ኩሬያቸው ሊደፈን መሆኑን የሰሙት ከልጃቸው አይደለም፤ ከግንበኛው ነው። ሰውየው ሰኞ ጠዋት በጓሮ በር ገብቶ፣ ሜትሩን ዘርግቶ፣ ወርዱንና ጥልቀቱን ለካና "ሁለት መኪና አፈር ይበቃዋል፤ ቅዳሜ እንጨርሰዋለን" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። እትዬ ክሎሪን ልብስ እያሰጡ ነበር። እርጥቡን አንሶላ ገመዱ ላይ ወርውረው መጡ።

"ማነው ድፈን ያለህ?"

"ልጅዎ ነው እማማ።"

"እንዲያ ነው! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!" አሉ፤ ግንበኛውም ሜትሩን ጠቅልሎ ቶሎ ወጣ።

ክሎሪን እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከተማው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ክሎሪን እየመጠኑ ይጨምሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ባልደረቦቻቸው በቀልድ ያወጡላቸው ስም ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ቤት ገባ፤ ሰፈሩም ያንኑ ይዞ ቀረ። እሳቸውም አልከፋቸውም። "ይህ ሁሉ ሕዝብ ሆዱን ሳያመው የሚያድረው በእኔ እጅ ነበር" ይላሉ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እውነትም ነው።

ኩሬው የሟች ባላቸው ነበር። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው ይውሉና ወገባቸው የሚቃናው ኩሬው ዳር ሲቀመጡ ነበር። ኮይ የሚባሉትን ትልልቅ የጌጥ ዓሦች ያረቡ ነበር። ከሁሉም አንዷን፣ ነጭ ሆና ጀርባዋ ላይ ብርቱካናማ እራፊ የተጣፈባት የምትመስለውን፣ በእጃቸው ያጎርሷት ነበር። ጠዋት ሲነሱ "እንደምን አደርሽ" የሚሉት መጀመሪያ ለእሷ ነው፤ ሚስት ተራዋን ትጠብቃለች። እትዬ ክሎሪን ታዲያ ዓሣዋን "ጣውንቴ" ብለው ሰየሟት። ቀልድ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ግን ቀልድ አልነበረም።

ባላቸው ባረፉ በሳምንቱ ወደ ኩሬው የሚያሳየውን የወጥ ቤት መስኮት ዘጉት። አራት ዓመት አልከፈቱትም። ኩሬው የዝናብ ውሃ እየጠጣ፣ ቅጠል እየዋጠ፣ አልጌ እያበቀለ አረንጓዴ አረንቋ ሆነ። ዓሦቹም አልቀዋል ተብሎ ተተወ።

ልጃቸው የመብራት ሠራተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከኩሬው ጎን ለራሱና ለሚስቱ አንድ ክፍል ከነመታጠቢያ ቤቱ ሠራ። የመብራቱን መስመር ራሱ ዘረጋ፤ ያ ሙያው ነው። ቧንቧውንም ራሱ ዘረጋ፤ ያ ሙያው አይደለም፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው? አሁን በኩሬው በኩል ያለው ግድግዳ ረጥቦ ቀለሙ ተላጠ፤ ከልስኑም ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።

"ኩሬው ነዋ እማዬ!" አለ በምሳ ሰዓት። "ግድግዳዬን እያበሰበሰው ያለው እሱ ነው።"

"ታዲያ ለእኔ ሳትነግረኝ?"

"ልነግርሽ ነበር።"

"አፈሩ ከተገለበጠ በኋላ?"

"ምን ያደርግልሻል? ትንኝ ማርቢያ እኮ ነው! አንቺ ራስሽ አራት ዓመት ዞር ብለሽ አላየሽውም።"

ይህቺ የመጨረሻዋ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀች፤ እውነት ናትና። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይነካው። አጸዳዋለሁ።"

ልጃቸው ሳቀ። ባይስቅ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የባላቸውን የጎማ ቦቲ አወጡና ሰፍቷቸው ስለነበር ጫፉን በጨርቅ ወትፈው ኩሬው ውስጥ ገቡ። ዝቃጩ ጉልበታቸው ላይ ደረሰ፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። በባልዲ እየቀዱ ወደ አጥሩ ሥር ይደፋሉ፤ ይመለሳሉ፤ ይቀዳሉ። ምራታቸው በክፍሏ መስኮት ብቅ አለች።

"እማማ፣ ኧረ ወገብዎን!"

"ወገቤን ተዪውና ባልዲ አቀብዪኝ።"

ምራቲቱ ወደ ግቢው በር አየት አደረገች። ባሏ ሥራ ሄዷል። ጫማዋን አውልቃ መጣች።

እኩለ ቀን ገደማ፣ ውሃው ሊያልቅ ሲል፣ ጥጉ ላይ አንድ ነገር ተላወሰ። እትዬ ክሎሪን እባብ መስሏቸው ጮኹ። ከዚያ ጭቃው ገለጥ ሲል ብርቱካናማውን እራፊ አዩት።

"አንቺ! አለሽ እንዴ?"

አራት ዓመት ሙሉ ጀርባቸውን ሲሰጧት፣ እሷ ከተዘጋው መስኮት ሥር ትንኝ እየለቀመች በሕይወት ቆይታለች። ኩሬው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ያለቀሱት በሐዘን ብቻ አይደለም፤ አፍረውም ነው።

ከዚያ ስህተት ሠሩ። ትልቁን ሳፋ አምጥተው ቧንቧውን ከፈቱና ሞሉት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኮሩበት የኖሩት ንጹሕ ውሃ! ጣውንት ከዚያ አረንቋ ወጥታ እንዲህ ያለ ውሃ ስታገኝ ደስታዋን አትችለውም ብለው ነበር። ሩብ ሰዓት አልቆየችም፤ አፏን ወደ ላይ አውጥታ ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ቀጥሎም በጎኗ ተንጋለለች።

እትዬ ክሎሪን ክው አሉ። ክሎሪኑ ነው! ለሰው ጀርም የሚገድለው ያው መድኃኒት የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል። ባላቸው የቧንቧ ውሃ በበርሜል ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ሳያስመቱ ኩሬ ውስጥ ጨምረው አያውቁም ነበር። እሳቸው ደግሞ "የእኔን ውሃ ተጠራጠርከው!" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አራት ዓመት የቸልታ አረንቋ ያልገደላትን፣ የእሳቸው ሙያ በሩብ ሰዓት ሊገድላት!

ከነቦቲያቸው ሮጡ። ከአሸንዳው ሥር ያለው በርሜል የዝናብ ውሃ ነበረበት። የሳፋውን ደፍተው ያንን ገለበጡበት፤ እጃቸውን ከሆዷ ሥር ሰድደው ቀና አድርገው ያዟት።

"ሙችና እንተያያለን!" አሏት። "ባሌን ወስደሽብኝ ደግሞ ዛሬ ጥለሽኝ ልትሄጂ?"

ምራቲቱ መሳቅም ማልቀስም አቅቷት ቆመች። ብዙ ቆይቶ የዓሣዋ ጭራ ተንቀሳቀሰ።

ረቡዕ ድንጋዮቹን በብሩሽ ፈተጉ፤ የባላቸውን ትንሽ ፓምፕ ፈትተው አጥበው ገጠሙት። ኩሬው ባዶ ሆኖም ግድግዳው ጠብ ጠብ ማለቱን አልተወም። ልጃቸው ይህንን ሲነግሩት "መሬቱ ስንት ዓመት የጠጣውን በአንድ ቀን ይተፋዋል እንዴ?" አለ። መልስ አላጣም፤ ልጅየው መልስ አጥቶ አያውቅም። ማታውኑ ኩሬውን በቧንቧ ውሃ ሞልተው ፓምፑን አስነሱት፤ ክሎሪኑ ተንኖ እንዲወጣ። ጣውንት ግን ከሳፋዋ አልወጣችም። አንድ ጊዜ የተሳሳተ እጅ ሁለተኛ አይቸኩልም።

ሐሙስ መሥሪያ ቤታቸው ለጡረታቸው የሰጣቸውን ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ። ውስጡ ትንንሽ ብልቃጦችና አንድ እሽግ ኪኒን አለ። ውሃ ቀድተህ ኪኒኑን ትጨምራለህ፤ ክሎሪን ካለበት ይቀላል፤ ከሌለበት እንዳለ ይቆያል። የኩሬው ውሃ ሐሙስ ቀላ። ዓርብ ፈዘዝ አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ይዘው እንደቆሙ ከግድግዳው በኩል ጠብ ሲል ሰሙ። ብልቃጡን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ።

"እንዴ!" አሉ።

እዚያው ሊሞክሩት እጃቸው ተነሳ። ከዚያ ግን መለሱት። ብቻቸውን ቢያዩት ማን ያምናቸዋል? ምስክር ያስፈልጋል።

ቅዳሜ አፈር የጫነው መኪና ከግቢው በር ላይ ቆመ። ግንበኛው አካፋና ዶማውን ይዞ ገባ፤ ልጅየውም ከኋላው። ኩሬው ጠርቶ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ግንበኛው "ይሄንን ነው የምንደፍነው?" ብሎ ቆመ።

"ቆይ!" አሉ እትዬ ክሎሪን። "መጀመሪያ አንድ ነገር ታያላችሁ።"

ሦስት ብልቃጥ ኩሬው ጠርዝ ላይ ደርድረዋል። አንደኛውን ከኩሬው ቀዱና ኪኒን ጨመሩበት፤ እንዳለ ቆየ። ሁለተኛውን ከቧንቧ ቀዱ፤ ቀላ። ሦስተኛውን ይዘው ወደ ግድግዳው ሄዱ። ልስኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉና ብልቃጡን ከሥሩ ደቅነው ያዙ። ጠብ። ጠብ። ግንበኛው አካፋው ላይ ተደግፎ ይጠብቃል፤ ልጅየው ሰዓቱን ያያል። እትዬ ክሎሪን ክንዳቸውን አላወረዱም። ግማሽ ሲደርስ ኪኒኑን ጣሉበት።

ቀላ። እንደ ቧንቧው ባይደምቅም ቀላ።

"ምን ማለት ነው?" አለ ልጃቸው። ሳይጠይቅም እንዳወቀው ድምፁ ያስታውቃል።

"የኩሬ ውሃ አይደለም ማለት ነው። የገዛ ቧንቧህ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ሰነበትክ።" ወደ ግንበኛውም ዞሩ። "አንተ ደግሞ ዶማህን ተሸክመህ መጥተህ ባዶ እጅህን አትመለስም። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር ቆፍር!"

"ሴራሚኩ!" ብሎ ጮኸ ልጃቸው። ማንም አልሰማውም።

በአራተኛው ምት ውሃው ፊን ብሎ የግንበኛውን ፊት አጠበው። ሰውየው ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ጎንበስ ብሎ አየ። የቧንቧው መጋጠሚያ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ የመብራት ሽቦ በሚጠቀለልበት በዚያው።

"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!" አለ ግንበኛው። "ይሄን ማን ነው የጠቀለለው?"

ምራቲቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሳቋ ግን በጣቶቿ መሀል አመለጠ። ልጅየው ጆሮው ድረስ ቀልቶ ዋናውን ቧንቧ ሊዘጋ ሄደ፤ ሲመለስ እናቱን ኩሬው ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። አጠገባቸው ቆመ።

"አፈሩስ?" አለ።

"የተቆፈረውን ሙላበት። የተረፈውን አበባ እተክልበታለሁ።"

"እማዬ… ይቅርታ።" ከዚያ አላስችል አለው። "ግን ብልቃጡ ባይቀላስ ኖሮ?"

እትዬ ክሎሪን ቀና ብለው አዩት።

"ባይቀላም አይደፈንም ነበር" አሉ። "ብልቃጡን ያመጣሁት ላንተ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። በል አሁን ሳፋውን ያዝ፣ በዚያ በኩል፤ ቀስ ብለህ። የአባትህን ሰው ቤቷ እናስገባት።"