ማይክሮፎን ይዤ «ይሁን» ያልኩ ዕለት

ቴሌቪዥን ሥራ የገባሁት አንሶላ ተከትዬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አሁንማ እስቃለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ነቀምቴ ውስጥ አንዲት እሜቴ ሆቴል ነበራቸው፣ እኔ የዚያ ሆቴል አጣቢ ነበርኩ። ባሌን ወባ ወስዶብኝ ከአንዲት ሴት ልጅ ጋር ቀርቻለሁ። በክረምት አንሶላ ማጠብ ምን እንደሆነ ያላጠበ ሰው አያውቀውም። የነቀምቴ ዝናብ አንዴ ከያዘ አይለቅ፣ አንሶላው አይደርቅ፣ እጅ ተሰነጣጥቆ አይድን። ሌሊት ልጄን ሳቅፋት እንኳ «እማ፣ እጅሽ ይቧጥጠኛል» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጂፕ መጣና ሰዎች ወረዱ። ከአዲስ አበባ ነን፣ ለቴሌቪዥን ነው የመጣነው አሉ። በዚያን ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ ቴሌቪዥን ያየ ሰው መኖሩን እንጃ። ካሜራ የሚያነሳ አለ፣ ድምፅ የሚቀዳ አለ፣ የሁሉም አለቃ የሆነ አዘጋጅ የሚሉት መነጽራም አለ፣ ሾፌርና አስተርጓሚም አሉ። በማግስቱ ገበያ ሊያነሱ ሲወጡ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ይጠቁርብናል፣ ፀሐይዋን ፊቱ ላይ የምንመልስበት ነጭ ጨርቅ ስጡን ብለው እሜቴን ጠየቁ።

«አንሶላዬን ገበያ መሃል?» አሉ እሜቴ። «ፀሐይ መመለስ ካማራችሁ የራሳችሁን ሸሚዝ አታወልቁም?»

በብዙ ልመና ሰጡ። ከአንሶላው ጋር ግን እኔንም ሰጡ። «ሂጂ፣ ዓይንሽን ከአንሶላው እንዳትነቅዪ። ሳትይዢው እንዳትመለሺ» አሉኝ።

ሄድኩ። ሁለት ወንዶች ጫፍና ጫፉን ይዘው ቆሙ፣ ነፋሱ መጣና አንሶላውን በአንደኛው ራስ ላይ ጠመጠመው። ገበያተኛው ሳቀ። እኔ ግን አንሶላው ጭቃ ሊነካብኝ ነው ብዬ ሮጬ ያዝኩት። ነፋስ ሲመጣ አንሶላ አይታገሉትም፤ ትንሽ ለቀቅ ያደርጉለታል፣ ያን ጊዜ እሱም ይለቃል። ካሜራ የሚያነሳው ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ፣ «ይቺ ሴት ትያዘው፣ ታውቅበታለች» አለ። ሥራ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ወደ ዲጋ ሲሄዱ አንሶላውን ከነያዡ ወሰዱን። እዚያ አስተርጓሚውን ወባ ጣለውና ወደ ሐኪም ቤት ተመለሰ። አባቴ ከጎጃም የመጣ ሰው ነው፣ እናቴ እዚሁ የሌቃ ኦሮሞ ልጅ ነች። አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል ይወጣልኛል፤ እናም ተርጓሚም ሆንኩ። የማላደርገው አልነበረም። ዶሮ አባርራለሁ፣ የሚያብለጨልጭ ግንባር በዱቄት አብሳለሁ፣ ሕፃን አባብላለሁ። ፊደል የለየሁትም ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም፤ ድምፅ ቀጂው የቴፑ ካርቶን ላይ «ዲጋ»፣ «ነቀምቴ» እያለ ይጽፍና፣ «እስቲ የነቀምቴውን አምጪልኝ» ይለኛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳስቼ የዲጋውን አመጣሁለት። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳትኩም።

ይህ ድምፅ ቀጂ ዝምተኛ ነው። ጆሮው ላይ ሁለት ቆቦች ደፍቶ፣ በድምፁ ልክ ከፍ ዝቅ የምትለውን የመቅጃውን መርፌ ሲያይ ነው የሚውለው። እጁ ስለማይበቃው ማይክሮፎኑን ረጅም እንጨት ላይ አስሮ፣ ነፋስ እንዳይገባበት የራሱን ካልሲ አልብሶ ሰጠኝ። እንጨቱ ረጅም ስለሆነ ክንድ ይዝላል፤ እኔ ግን ስንት የረጠበ አንሶላ ያነሳሁ ነኝ። ሕጉን ነገረኝ። አምባር አውልቂ፣ ጫማ አውልቂ፣ አትሳዪ፣ በአፍንጫሽ ተንፍሺ፣ ዝንብ ብታርፍብሽ ተያት። ከሁሉም በላይ አፍሽን ዝጊ። «ለማይክሮፎኑ ከተናጋሪው ይልቅ አንቺ ቅርብ ነሽ። ስታንሾካሹኪ ይሰማዋል» አለኝ።

ሁሉንም ቻልኩት፣ አፌን መዝጋት ግን ለወለጋ ልጅ ከባድ ነው። ዲጋ ላይ አንድ ገበሬ ስለ ቡናው እየተናገረ፣ እኔ እንጨቴን ይዤ ቆሜ፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ከኋላዬ መጣች። «አከም ጅርታ?» አለችኝ። ዘመድ ደህና ነሽ ወይ ሲል ዝም ይባላል? «ነጋ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ ሰላም ነው ማለቴ ነው። እሷ መች በዚህ ትቆማለች! እናትሽስ፣ ልጅሽስ፣ ዝናቡስ፣ ያቺ ቀይ ላማችሁስ ትላለች። እኔም እየተጨነቅሁ ለእያንዳንዱ «ነጋ፣ ነጋ» እላለሁ።

ድምፅ ቀጂው ቆቡን ከጆሮው አነሳ። «ላሟ ደህና ናት?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

«ጥሩ። አዲስ አበባ በሙሉ ሰምቶልሻል።»

አዘጋጁ ግን አልቀለደም። መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ «ስሚኝ» አለ፣ «ቋንቋ ታውቂያለሽ፣ ጉልበት አለሽ። ይህ ጉዞ ያለ እንከን ካለቀ አዲስ አበባ ወስጄ ቋሚ ሠራተኛ አስደርግሻለሁ። ነገር ግን ፊልም እየነጠፈብን ነው። ሁለተኛ ድምፅ ያበላሸሽ እንደሆነ በዚያው ባለሽበት ትወርጃለሽ።»

ቋሚ! እናቴ ዘንድ ያስቀመጥኳትን ልጄን ይዤ፣ ከሳሙናና ከገንዳ ተለይቼ! ነቀምቴ ስንመለስ ነገሩን ለእሜቴ ነገርኳቸው። «መኪና የለመደ እግር ገንዳ አጠገብ አይቆምልኝም» ብለው በእኔ ቦታ ሌላ አጣቢ ያዙ። አልፈርድባቸውም፤ አንሶላው አይጠብቃቸውም። እንግዲህ ከጂፑ ብወርድ የምገባበት ቤት አልነበረኝም።

የመጨረሻው ጉዟችን ወደ ጊዳ አያና ነበር። አገሬው አንድ ወንዝ ላይ በድንጋይና በእንጨት ድልድይ ሠርቷል፣ እሱን ሊያነሱ ነው። ወንዙን በበጋ ብታዩት ጥጃ ይሻገረዋል፤ በክረምት ግን ሰው ይወስዳል። ድልድዩን የሚመርቁት ሽማግሌ የገዛ ምራታቸውን ባለፈው ነሐሴ ወስዶባቸዋል። ሕዝቡ ከዚህም ከዚያም ማዶ ተሰብስቧል፤ ምርቃቱ ሳይወርድ የሚሻገር የለም።

አዘጋጁ፣ «ሽማግሌው ሲናገሩ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ በዪልኝ። ያለችን አንዲት ፊልም ናት» አለኝ። እኔም ዞሬ «ዝም በሉ፣ ትንፍሽ እንዳትሉ» አልኳቸው። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። እሱ ንግግር መስሎታል፤ ምርቃት መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ። ምርቃት እኛ ዘንድ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገረው ነገር አይደለም። እሳቸው ያወርዳሉ፣ ሕዝቡ «ሃ ተኡ» ይላል፣ ይሁን ማለት ነው። ሲመረቅ ዝም ያለ ሰው አልፈልግም እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ስለ ፊልሙና ስለ እንጀራዬ ብቻ እያሰብኩ፣ የታዘዝኩትን ተረጎምኩ።

ሽማግሌው እርጥብ ሣር ጨብጠው ድልድዩ አፍ ላይ ቆሙ። እንጨቴን ወደ ራሳቸው በላይ ዘረጋሁ። ካሜራው መሽከርከሩን ጀመረ።

«ወንዙ በቃው!» አሉ በኦሮምኛ።

ዝም። ሕዝቡ ከንፈሩን ነክሶ እኔን እኔን ያያል።

«ወንዙ በቃው! የወሰደው ይብቃው!» አሉ እንደገና። ያን ጊዜ ዞር ብለው ሰዉን አዩ፤ ምን በደልኳችሁ የሚል ዓይን ነበር። የገዛ አገራቸው ሰው ምራታቸውን በበላው ወንዝ ፊት ለብቻቸው የተዋቸው መሰላቸው።

«ሃ ተኡ» አልኩ።

የመጀመሪያዋ አመለጠችኝ። ሁለተኛዋን ግን አመለጠችኝ ብዬ አልዋሽም። ጠፍቶ ጠፍቷል፣ አሁን ባቆም ሽማግሌው ይቀመጣሉ አልኩና ሆን ብዬ አልኳት። «ልጆች በደህና ይሻገሩ!» ሲሉ «ሃ ተኡ!» «ከብቱ በደህና ይሻገር!» ሲሉ «ሃ ተኡ!» ሕዝቡ እኔን ፈርቶ ዝም እንዳለ ነው፤ እኔ ብቻ ከእንጨቴ ሥር እጮሃለሁ። ጨርሰው ሣሩን ድልድዩ ላይ ሲበትኑ አንገቴ በላብ ርሶ ነበር።

አዘጋጁ ተነሣ። «ምንድን ነው የሠራሽው?» አለ። ድምፅ ቀጂውን «ተሰማ?» አለው።

ድምፅ ቀጂው፣ «ከእሷ ድምፅ ሌላ ነገርማ አልተሰማም» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እሷ ባትመልስ ግን ሰውዬው ሊተዉት ነበር። አይተሃል» አለ።

«እኔ ያየሁት የመጨረሻ ፊልሜ ሲበላሽ ነው! ቃሌን ነግሬያታለሁ። እዚሁ ትቅር።»

ሽማግሌው በቁጣው ደንግጠው ወደ እኔ መጡ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

እንግዲህ ተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይንገራቸው? «እርስዎ ሲመርቁ አፏን ስላልዘጋች ከሥራ አስወጣኋት፣ እዚሁ ትቅር ይላል» አልኳቸው። ከራሴ መባረር ላይ አንዲት ቃል አልቀነስኩም።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «ዝም በሉ ያለው እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ለእናንተ የነገርኳችሁ ግን እኔ ነኝ። ምርቃት ነው ብዬ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩትም።»

«ታዲያ አሁን ንገሪው!»

ነገርኩት። ዝም የሚባልበት ነገር እንዳልሆነ፣ ዝምታው እርግማን ሊሆን እንደነበር፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሁሉ። አዘጋጁ ቁጣው ፊቱ ላይ እንዳለ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ ሕዝቡን አየ። ካሜራ የሚያነሳው፣ «ጥቂት ፊልም ተርፋኛለች፣ የሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው» አለ።

«ይድገሙልን በያቸው» አለኝ አዘጋጁ፣ አሁን ረጋ ብሎ።

«አይደገምም» አሉ ሽማግሌው። «የዘነበ ዝናብ ተመልሶ ወጥቶ አይዘንብም። ድልድዩ ተመርቋል፣ አልቋል። ግን መጀመሪያ የሚሻገረው ገና አልተመረቀም። እናንተ እንግዶች ናችሁ፣ ቅድሚያው የእናንተ ነው። ተሻገሩ፣ እመርቃችኋለሁ። ያቺን ዝም በሉ የምትለዋን ትእዛዝ ግን አንሱልኝ።»

ያን ስተረጉም ሕዝቡ ሳቀ። አዘጋጁም ሊስቅ ትንሽ ቀረው። «አንሺላቸው» አለኝ።

ድምፅ ቀጂው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አሁን አፍሽን እንደፈለግሽ ክፈቺ። ማይክሮፎኑን ግን ወደ ሰዉ አዙሪው» አለኝ። እናም አዘጋጁና ሾፌሩ ዕቃ ተሸክመው ድልድዩን ጀመሩ፤ ሽማግሌው ሌላ ሣር ይዘው መረቁ። «እግራችሁ አይንሸራተት!» ሲሉ የሁለቱ ማዶ ሰው ባንድ ላይ «ሃ ተኡ!» ሲል መርፌዋ ዘልላ ጠርዙን ስትመታ አየኋት። መጨረሻ ላይ እኔን በሣሩ እያመለከቱ አንድ ነገር ጨመሩ፣ ሰዉ ከሁሉም አብልጦ ጮኸላቸው።

አዘጋጁ ከድልድዩ መሃል ዞሮ፣ «ምን አሉ?» አለኝ።

«በሰላም ግቡ ነው ያሉት» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ከሕዝቡ መሃል ሸማኔ ነኝ ያለ፣ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ጎጃሜ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ አስቀርታለች!» ብሎ ጮኸ። «ሁሉ ዝም ሲለኝ ያልተወችኝ ይህች ልጅ በያዘችው እንጨት እንጀራዋን ትብላ ነው ያሉት! ሰዉም ይሁን ብሏል!»

ሳቁ ወንዙን ሞላው። ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ። አዘጋጁ ከድልድዩ መሃል ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

«የራስን መባረር አሟልቶ የሚተረጉም ሰው፣ የራሱን ምርቃት ለምን ያስቀራል?» አለኝ።

«ያሳፍራላ፣ ጋሼ።»

«ሁለተኛ ቃል እንዳታስቀሪብኝ። በይ የማይክሮፎኑን ሽቦ ጠቅልዪ። ነቀምቴ ስንደርስ ልጅሽን ይዘን ነው የምናልፈው።»

ሽቦውን ልጠቀልል ስል ድምፅ ቀጂው ተቀብሎ ጠቀለለልኝ።

ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በሚያቃጥል መብራት ሥር ብዙ ዓመት ሠራሁ። ጃንሆይ ወርደውም ሠርቻለሁ። የተናጋሪዎች ላብ ጠረግሁ፣ ገመድ ጎተትኩ፣ በር ጠበቅሁ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ስንቱን ትልቅ ሰው ዝም አሰኘሁ። ምርቃት ካለበት ግን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ «ይህ የሚመለስለት ነው፣ ሰዉን ዝም አታሰኙት» እላለሁ።

ያ የድልድዩ ፊልም ታጥቦ መጥቶ የታየ ቀን ልጄን ቴሌቪዥን ጣቢያው አምጥቻት ነበር። ሽማግሌው ታዩ፣ ሣሩ ታየ፣ ሕዝቡ «ሃ ተኡ!» አለ። ድምፄን ለይቼ ላሰማት ፈለግሁ፣ ከሰዉ ጋር ተቀላቅሎ ለራሴም ጠፋኝ።

«እማ፣ አንቺ የታለሽ?» አለችኝ።

«ከእንጨቱ ሥር ነኛ።»

«እንጨቱስ የታለ?»

«እሱም አይታይም።»

ዓይኗን ሳጥኑ ላይ እንደተከለች አሰበች አሰበችና፣ «ታዲያ አንቺ ምን ሠራሽ?» አለችኝ።