ላልቶ ይነበብ

የኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በመስታወቱ ውስጥ ሁለት ነገር ያያል፤ የራሱን ፊትና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የልብስ ሰፊ በር። ፊቱ ሲሰለቸው በሩን ያያል። እኔማ ፀጉር አስተካካይ ነኝና ቆሜ ነው የምውለው፤ ያን በር ከራሴ በር ይልቅ አውቀዋለሁ። ማን ጨርቅ ታቅፎ እየሳቀ እንደገባ፣ ማን ባዶ እጁን እያጉረመረመ እንደወጣ እኔን ጠይቁኝ።

የበሩ ጌታ ጓደኛዬ ነው። ስም አለው፤ ግን በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። ሰፈሩ የሚያውቀው «እግዜር ካለ» በሚል ነው። ለምን እንደተባለ ከመናገሬ በፊት አንድ መልካም ነገር ልበልለት፣ በኋላ ስለማማው። እጁ የተባረከ ነው። እሱ የሰፋው ኮት ጎባጣውን ቀጥ ያደርገዋል፤ ለቦርጫሙ ቦርጩን ይደብቅለታል። ችግሩ ኮቱን ማግኘቱ ላይ ነው። መቼ ይደርሳል ስትሉት፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀና ይልና ፊቱ በርቶ «ነገ፤ እግዜር ካለ» ይላችኋል። በነገታው ትመጣላችሁ። ጨርቃችሁ ያስቀመጣችሁበት ቦታ ላይ፣ እናንተ ባጠፋችሁት እጥፋት ተቀምጧል። «ምነው?» ስትሉት «እሱ አላለማ!» ብሎ ጣሪያውን ያሳያችኋል።

ለትልቁ ልጁ ዩኒፎርም ያዘዘ አባት መጨረሻ ላይ ለታናሹ አለበሰው። አንድ ነጋዴ ያዘዘው ሱሪ ሲደርስ ሰውየው ወፍሮ ስለነበር፣ ወገቡ እንዲሰፋለት እዚያው ትቶት ሄደ። ሱሪው አሁንም እዚያው አለ፤ ነጋዴው ግን መክሳት ጀምሯል ይባላል።

እኔ ደግሞ አፌን የምይዝ ሰው አይደለሁም። አንድ ቀን «ስማ» አልኩት፤ «እግዜር ሌላ ሥራ የለውም? ያንተን ሱሪ እያነሳ 'ይሄ ዛሬ ይሰፋ፣ ይሄ ይቆይ' ሲል ይውላል?»

አልተቆጣም። ክሩን በምራቁ አርሶ ወደ መርፌው ቀዳዳ እያስጠጋ፣ «ነገ የማን ነው? የኔ ነው?» አለኝ። «የኔ ያልሆነውን እንዴት ብዬ ለሰው እሰጣለሁ?»

ወደ መቀሴ ተመለስኩ። በቃል መሸነፍ ደግሞ አልወድም፤ ያን ቀን ያገኘሁትን ፀጉር ሁሉ ከሚገባው በላይ አሳጠርኩ።

አታላይ እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናውን ዘይት ከመቀባቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወቴ አየዋለሁ። ጸሎቱ የእውነት ነው። የማይሆንለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እምቢ ማለት። ሰው ጨርቅ ይዞ ሲገባ ፊቱ ላይ ያለውን ተስፋ ያይና «አልችልም» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ ትቀራለች። ስለዚህ «አዎ» የሚለው እሱ ሆነ፤ «አይ» የሚለውን ለእግዜር ተወለት።

ጭቅጭቁ ሲበዛበት ጊዜ አንድ ዘዴ ዘየደ። ሰሌዳ አጻፈ። በትልልቅ ሰማያዊ ፊደል «እግዚአብሔር ካለ ነገ ይደርሳል» ይላል። ከመኪናው በላይ ሰቅሎት፣ ራቅ ብሎ አየውና ደስ አለው። ከእንግዲህ አፉን ማድከም ቀረለት።

መጀመሪያ የመጡት የሰፈራችን ቄስ ነበሩ። የቀሚሳቸው ገበር ተተርትሮ ከሰጡት ቆይቷል፤ የመጡበትንም ቀን መቁጠር ትተዋል። ቀና ብለው ሰሌዳውን ማንበብ ጀመሩ። «እግዚአብሔር ካለ...» አሉና «ለ» ላይ ሲደርሱ አጥብቀው ረገጧት።

እንግዲህ ፊደላችን ጉደኛ ነው። ያቺ ቃል ላልታ ስትነበብ እግዚአብሔር ከፈቀደ ማለት ነው። ጠብቃ ስትነበብ ግን እግዚአብሔር የሚባል ካለ፣ ከኖረ ማለት ይሆናል። ስትጻፍ ያው አንድ ናት።

«አንተ ሰው» አሉት ቄሱ ረጋ ብለው፤ «ስለመኖሩ ትጠራጠራለህ እንዴ?»

መርፌ የወጋው ይመስል ብድግ አለ። «አባ! ኧረ ላልቶ ነው የሚነበበው!»

«የቱ ጋ ነው ላልቶ የሚለው?»

«ይሄን የማያውቅ ማን አለ፣ አባ!»

«እኔ አላወቅሁም። እስቲ እኔ እንዳነበብኩት እንየው። እግዚአብሔር ካለ ነገ ይደርሳል ብለሃል። እኔ ቀሚሴን ፍለጋ ስመላለስ ከረምኩ፤ አልደረሰም። ታዲያ ይህን ግድግዳ ያነበበ ሰው ምን ብሎ አምኖ ይሂድ?»

እኔ ምላጬን ይዤ ከሱቄ በር ላይ ቆሜያለሁ። ደንበኛዬም ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ፣ ግማሹን በአረፋ ሸፍኖ አጠገቤ ቆሟል። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አይሰማም።

ቄሱ ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ። «ልጄ፣ እሱን ዋስ ትጠራና አንተ ትጠፋለህ። ሰው የሚይዘው ዋሱን አይደለም?» ብለውት ያለ ቀሚሳቸው ሄዱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ሰሌዳውን ያወርድ ነበር። እሱ ግን ጽሑፍ አስጨመረበት። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ላልቶ ይነበብ» የሚል ወጣ። ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም መንገዱን ተሻግሬ ሄጄ፣ «አሁን ገና እውነቱን ጻፍክ፤ ሥራህም ላልቶ ነው የሚሠራው» አልኩት።

አንዲት ልጅ አለችው። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ከዚያች መኪና ሥር ያደገች ናት፤ አሁን ልታገባ ነው። ገና በእግሯ ሳትሄድ ጀምሮ «የሰርጓን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ነኝ» እያለ ለመጣው ሁሉ ሲያወራ ኖሯል። ሰርጉ ሲቃረብ ጨርቁን አምጪ እያለ ይጠይቃት ጀመር። እሷም «እየመረጥኩ ነው አባዬ» ትለዋለች። እሱ ልጄ መራጭ ናት እያለ ይኮራባታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ አረፋ ቀብቼው ምላጬን እስላለሁ። በመስታወቱ ውስጥ ልጅቷ መጣች። ትልቅ ፌስታል ይዛለች፤ ከአፉ ነጭ ጨርቅ ብቅ ብሏል። የአባቷ በር ጋ ስትደርስ አልገባችም። አንገቷን ደፍታ፣ እርምጃዋን አፍጥና አለፈች። ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መንገዱ መጨረሻ ላይ ሌላ ልብስ ሰፊ አለች፤ ወጣት ናት፣ ቀጠሮዋ ዝንፍ ስለማይል «ደቂቃ» እንላታለን።

ጓደኛዬ ፎጣዬን አንገቱ ላይ እንዳደረገ፣ አረፋውን እንደተቀባ፣ ተስፈንጥሮ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ፎጣዬን ብዬ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር እንዳያስብብኝ።

«ቁሚ!» አላት። «ምንድነው የያዝሽው?»

«ጨርቅ ነው፣ አባዬ።»

«የምን ጨርቅ?»

ፌስታሉን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«ወዴት ነው የምትወስጂው? እኔ እያለሁ! የሌለሁ ይመስል!»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም። በሩ ክፍት ስለነበር ሰሌዳው ከመንገድ ይታያል። በጣቷ አሳየችው።

«አባዬ፣ እግዜርማ አለ። ፈለግክ አጥብቀው፣ ፈለግክ አላላው፤ አለ። የሌለኸው አንተ ነህ።»

እኔም፣ እመኑኝ፣ ፎጣዬን ረሳሁት።

«የመመረቂያ ቀሚሴን መቼ ነው የለበስኩት? ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ፎቶው ላይ ያለው የጎረቤታችን ቀሚስ ነው፤ አንተ እኮ ሳሎን ሰቅለኸዋል። ነገ አልከኝ፣ ነገ አልከኝ፤ በመጨረሻ እግዜር አላለም አልከኝ። እኔ ደግሞ ልጅ ስለነበርኩ አመንኩህና በእግዜር አዘንኩ። በአንተ አይደለም ያዘንኩት፤ በእሱ ነው።» ፌስታሏን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ሰርግ ላይ ደግሞ በእሱ ማዘን አልፈልግም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ጓደኛዬን መልሼ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት። አረፋው ደርቆ ስለነበር እንደገና ቀባሁት። ስንት ጊዜ የቀለድኩበት ሰው መስታወቱ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ተቀምጧል። «የመመረቂያዋ ቀሚስ እኮ በጣም ያማረ ነበር» አለኝ ቆይቶ። አዎ ያማረ ነበር አልኩት፤ ሌላውን ዋጥኩት። የዋጥኩት ቃል ብርቅ ስለሆነ ይመዝገብልኝ።

በማግስቱ ሰሌዳው ወረደ። አንዲት ሴትዮ ጨርቅ ይዛ ስትገባ ጆሮዬን አቆምኩ። «እትዬ፣ አልችልም» ሲላት ሰማሁ። ድምፁ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ተሰነጠቀ። ሴትዮዋ ተቆጥታ ወጣች፤ እሱ ላቡን እየጠረገ ቆመ። ከዚያ ውሎው ተለወጠ፤ የተከመረውን ጨርቅ አንድ በአንድ ያወርድ ጀመር። ቄሱ ቀሚሳቸውን ሲቀበሉ ገልብጠው ገበሩን አዩና «እንግዲህ እኔም ሰሌዳህን አላልቼ አንብቤዋለሁ» ብለው ሳቁ። ልጅቷ ግን ቤት ውስጥ ለአባቷ እራት እያቀረበች ስለ ቀሚሱ አንድ ቃል አትተነፍስም። እሱን የሚያንገበግበው ይሄ ነበር።

በመጨረሻ እጄን ይዞ ወደ ደቂቃ ሱቅ ወሰደኝ። ብቻውን መሄድ አፍሮ ነው።

«ልሥራልሽ» አላት። «የልጄን ቀሚስ የቁልፍ ቀዳዳዎቹንና የታችኛውን ጠርዝ ብቻ። እንዳትነግሪያት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ለኔ ሊሠሩ?» አለች ደቂቃ ዓይኗ ፈጦ። ደግ ልጅ ናት፤ በሥራ ግን ቀልድ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና «እኔ ጋ ነገ የሚባል የለም» አለችው። «ሐሙስ ከምሳ በፊት። ካልደረሰ እወስድብዎታለሁ።»

አፉን ከፈተ። ያቺ የለመዳት ቃል መጥታ ምላሱ ጫፍ ላይ ስትቆም በዓይኔ አየኋት። «እግ...» አለ። ዋጣት። «እሺ» አለ።

ስንወጣ አላሳለፍኩትም። «ካድከው እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ወዲያ! በልቤ ብያለሁ» አለኝ። «በልቤ ስላት ጸሎት ናት። በአፌ ስላት የነበረው ማምለጫ ነው።»

እኔ ስብከት አልወድም፤ ይቺን ግን ይዤ ቀርቻለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለደንበኛ «አሁን ጨረስኩ» ከማለቴ በፊት ደግሜ አስባለሁ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ቀሚሱን አድርሶ፣ እኔም የሚሆነውን እንዳያመልጠኝ አብሬው ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሳለን፣ ልጅቷ ልትለካ ሳትታሰብ መጣች። አባትየው መውጫ ሲያጣ ከተንጠለጠሉት ኮቶች ጀርባ ገባ። እኔ ኮት የሚያማርጥ ሰው መሰልኩ። ልጅቷ ሰላም አለችኝ፤ እዚህ ምን ታደርጋለህ አላለችኝም፤ ነገር ፍለጋ የትም እንደምገኝ ታውቃለች።

መጋረጃው ውስጥ ገብታ ለብሳ ወጣች። ስለ ውበቷ አልናገርም፤ አልችልበትም። እጅጌዋን አንስታ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አየች። በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ኮቶቹ ሄደ፤ ከኮቶቹም ወደ ታች። ከሥር ሁለት ጫማ ይታያል፤ የአንደኛው ማሰሪያ ተበጥሶ በሰማያዊ የስፌት ክር ታስሯል።

«ይሄን ማን ሠራው?» ብላ ደቂቃን ጠየቀቻት።

«አዲስ ሠራተኛ ይዣለሁ።»

«ቀን ያከብራል?»

ደቂቃ ውሸት አይሆንላትም። «ገና አንድ ጊዜ ነው ያሠራሁት» አለች። «ሐሙስ አልኩት፤ ሐሙስ አመጣ።»

ልጅቷ ገብታ ልብሷን ቀየረች። ስትወጣ ከቦርሳዋ ስስ ነጭ ጨርቅ አወጣች፤ የራስ መሸፈኛዋ፣ ዓይነ ርግቧ ነው፤ ጠርዙ ገና አልተሠራም።

«ይሄንንም ሠራተኛሽ በእጁ ይስፋልኝ» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት ለብሼው ነው የምወጣው።» ለደቂቃ አልሰጠቻትም። ከጫማዎቹ በላይ፣ ኮቶቹ ላይ አኖረችውና ወጣች።

ኮቶቹ ተገለጡ። ጓደኛዬ ጨርቁን በሁለት እጁ ታቅፎ ብቅ አለ፤ እንባው እስከ አገጩ ወርዷል፤ ሊጠርገው እጅ የለውም።

«ሰማሃት?» አለኝ።

«ሰማሁ። ቅዳሜ ጠዋት አለች።»

«እሱን አይደለም» አለ። «ይደርሳል ወይ ብላ እኮ አልጠየቀችም።»