ሂላ የምንለው ተራራ

ከገለጉ ወደ አላጥሽ ፓርክ ሲገቡ ሜዳው አያልቅም። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ አንድ ተራራ ብቻውን ቆሟል። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ ታጭዶ እንዲደርቅ የቆመ የሰሊጥ ክምር ይመስላል፤ ስለዚህ እኛም በክምሩ ስም ሂላ እንለዋለን። ደገኞቹ ዘመዶቼ ይህም ተራራ ሆኖ ነው ወይ እያሉ ያሾፉብኛል። ይሹፉ። ክረምት ላይ ዝናብ አጥቦት ያላየ ሰው ስለ ተራራ ባያወራኝ ደስ ይለኛል።

አባቴ የፓርኩ ጠባቂ ነው። መጀመሪያ ወደ ቆላ የወረደው ግን ወንድሙን ፍለጋ ነበር። አጎቴ እኔ ሳልወለድ ለሰሊጥ አጨዳ እንደወረደ ቀረ፤ መርዶውም አልመጣ፣ አለ የሚልም አልተገኘ። አያቴ ልጄ ሳይሞት አላለቅስም እንዳለች አረፈች። አባቴ ሳሉጎቹን፣ የአጨዳ ሠራተኞቹን ማለቴ ነው፣ የትራክተር ሾፌሩንም ሁሉ ሲጠይቅ ኖረ። ጫካ ውስጥ ማር የሚቆርጡትን ሲያገኝ ግን ወሬው ስለ እሳት ብቻ ነበር፤ በጭሳቸው ሣሩ እንዳይቃጠል ይቆጣቸዋል።

አምና ለተራራው ታፔላ ይተከል ተባለ። በገለጉ የሰሊጥ መጋዘኖችን ታፔላ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ሥራው ደረሰኝ። ሂላ ብዬ ልጀምር ስል አባቴ ከእኛ በፊት የነበረ ስም አይጠፋውም፣ እንጠይቅ አለ። ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። ተራራው ሥር አንድ ሽማግሌ ማር ቆራጭ አገኘን።

ሽማግሌው የነገሩን ስም የአጎቴ ስም ነበር። ስሙ የብዙ ሰው ስም ነውና አልገረመኝም። ከዚያ የወንድ አያቴን ስም ጨመሩበት። ያኔ አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

አንድ ሳሉግ መንገድ ስቶ፣ ውሃ ጥም ጥሎት ማር ቆራጮቹ አገኙት፤ ሲሞትም እዚያው ቀበሩት። ከመሞቱ በፊት ስሙን ነግሯቸው ነበር።

«እኛ እንግዳ የቀበርንበትን ቦታ በስሙ ነው የምንጠራው» አሉ ሽማግሌው። «ዘመዱ ፈልጎ ቢመጣ እንዳያጣው።»

እንግዲህ የማያውቁትን ሰው ስም ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ደግነት አይቼ አላውቅም።

አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«ውሃ ሳይቀምስ ነው የሞተው?»

«ከእጄ ጠጥቷል» አሉት።

አባቴ ተነሣና ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።