ከጨንቻ ይመጣል የተባለው አያት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። ሐሙስ ቀን፣ ከቀትር በኋላ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፤ ይሄን ግን አልረሳውም። አንዲት የማላውቃት ልጅ እጇን እጄ ውስጥ አድርጋ ተከትላኝ ከትምህርት ቤት ወጣች። ያ ትንሽ እጅ እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ ያለ ይመስለኛል።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የመጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ይሄን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በር መጠበቅን ግን ማንም አያስተምረኝም።

ልጄ አማረችና ባሏ ተስፋዬ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። እሷ ቢሮ ትሠራለች። እሱ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ልጃቸው ምህረት ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የምትገባ ስለነበር በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከትምህርት ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም።

ድሮ ቢሆን ቅርብ ያለው ጋ ሄዳ ትመዘገባለች፤ አለቀ። አሁን ሰው ፈርቷል። የፈራውም ያለ ነገር አይደለም። ካቻምና እኛ ሰፈር የአንዲት ሴት ልጅ ከትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠፍታ፣ ከሰዓታት በኋላ ምዕራብ ዓባያ መናኸሪያ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ስታለቅስ ሙዝ ነጋዴዎች አገኟት። ደህና ነበረች። ማን እንደወሰዳት፣ ለምን እዚያ እንደተዋት ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ እናቶች ስለ ትምህርት አይጠይቁም። መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አጥር ነው።

አማራጩ ሁለት ነበር። አንዱ ከቤታችን ጀርባ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። አጥሩ ቅንጭብ ነው፤ ፍየል ያለፈበት ቀዳዳ አለው፤ ልጆቹም በዚያው ሾልከው ሸንኮራ ይገዛሉ። ዘበኛዋ ሴት ናት። ልጁን ሁሉ በእናቱ ስም ትጠራለች። ሁለተኛው ወደ ሴቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ብሎኬት አጥር፣ ከላይ እሾሃማ ሽቦ፣ የብረት በር፣ ካሜራ፣ ባለ ዩኒፎርም ዘበኛ። አማረችና ተስፋዬ ልባቸው እዚያ ነበር።

"አባባ፣ አጥሩን አይተውታል? ድመት አትዘለውም" አለኝ ተስፋዬ።

"ልጅ የሚሰርቅ ሰው ምን አጥር አስዘለለው። በበር ነው የሚገባው።"

"በሩ ላይ ዘበኛ አለ እኮ።"

"ዘበኛ መኖሩና መጠበቁ ሁለት ነገር ነው። እኔን ጠይቀኝ።"

አማረች ሳቀችብኝ። "አባዬ፣ አንተ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት አይጥ ነው የጠበቅከው።"

"አይጥም ቢሆን በእኔ በር ሳይጠየቅ አልገባም" አልኳት።

እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና በዚህ ስታማርር ነው የሞተችው። እነሱ ሲስቁ እኔ በልቤ ወስኜ ነበር። ሄጄ በሩን አየዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ዕለት ንጹሑን ጋቢዬን ለበስኩ፣ ባርኔጣዬን አደረግሁ፣ ከዘራዬን ያዝኩና በባጃጅ ሄድኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር። ዘበኛው "ማን ነዎት? ማንን ፈልገው ነው?" ካለኝ መርቄው ልመለስና እቤት ገብቼ "ተሸንፌያለሁ፣ አስመዝግቧት" ልላቸው።

ዘበኛው ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "ደህና ዋሉ አባባ፤ ይግቡ፣ ይግቡ፤ ፀሐይ ነው።" ጥያቄውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ራሴ "የትንንሾቹ ክፍል ወዴት ነው?" አልኩት። ክንዴን ደግፎ እስከ ደረጃው አደረሰኝ። "ቀስ ይበሉ፣ ሰሞኑን ያንሸራትታል" አለኝ።

ደስ አለኝ። የማልዋሽበት ነገር ነው፤ ደስ አለኝ። ማታ ራት ላይ እንዴት አድርጌ እንደማወራው እያሰብኩ ነበር። ያኔ ዞር ብዬ ቤቴ ብገባ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አንዲት ወጣት አስተማሪ ከክፍል ብቅ አለች። አየችኝና ፊቷ በራ። "የኤደን አያት ነዎት አይደል? ከጨንቻ? እናቷ ዛሬ ቀደም ብለው መጥተው ይወስዷታል ብላን ነበር።"

አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ነች። እኔ ግን እልህ ያዘኝ፤ እስከ የት እንደሚሄድ ማየት ፈለግሁ። "እህ" አልኩ። አዎ አላልኩም፣ አይደለሁምም አላልኩም። ለብዙ ቀን ራሴን የደለልኩት በዚህች "እህ" ነው።

ልጅቷን አመጡልኝ። የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ የሚበልጥ ልጅ ነች። አያቷን ካየች ቆይታለች መሰለኝ አላመነታችም። መጣችና ጉልበቴን ሳመች። በደንብ የተቀጣች ልጅ ነች። ከዚያ እጇን ሰጠችኝ።

ዘበኛው በሩን ከፈተልን። "አያትሽ መጡልሽ አይደል?" ብሎ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለላት።

ከበሩ ፊት ለፊት ማንጎ ዛፍ አለ። እዚያ ጥላ ሥር ቆምኩ። ሐሳቤ ወዲያው መልሼ ወስጃት "ይኸው፣ እንዲህ ነው የምትጠብቁት?" ብዬ ላሳፍራቸው ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ ፖሜስ?"

"የምን ፖም?"

"እማዬ ፖም ያመጣልሻል ብላኛለች። ከራስህ ዛፍ።" ይሄን ብላ የጋቢዬን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች። የደበቅኩባት መስሏት እየሳቀች ነው።

በአርባ ምንጭ ሙቀት በረደኝ። ምን ልበላት? አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። "አባባ፣ ወደ መናኸሪያ ነው?" አለ ባለባጃጁ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ልጅቷ እጄን ሳትለቅ አንድ እግሯን አንስታ ባጃጁ ላይ አደረገች።

መናኸሪያ። ምዕራብ ዓባያ የተገኘችው ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷም እንዲህ ነው የሄደችው። እንዲህ ቀላል ነው።

"ነይ እንመለስ" ብዬ ሳብ አደረግኋት።

"ለምን?"

እግሯን ከባጃጁ አወረድኩላት። ያኔ ሌላ ባጃጅ ደረሰ። ከውስጡ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ወረዱ። ሽማግሌው እንደኔው ጋቢ ለብሷል። ቁመናችን ሳይቀር ይመሳሰላል። በእጁ ፖም የሞላ ፌስታል ይዟል።

ሴቲቱ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መጥታ ልጇን ከእጄ መነጨቀቻትና ተንበርክካ እጇን፣ አንገቷን፣ ፊቷን ዳበሰች። ከዚያ ቀና አለች።

"ማን ነህ አንተ?"

ከልጄ የምታንስ ሴት "አንተ" ስትለኝ የመጀመሪያዬ ነው። አልከፋኝም። ያኔ የሚገባኝ እሱ ነበር።

"ልጄ፣ ዘበኛውን ልፈትን ብዬ ነው" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ተሰማኝ። ማን ያምነዋል?

ሰው ተሰበሰበ። ባጃጆች ቆሙ። አንዱ "ያን ጊዜ ምዕራብ ዓባያ ልጅ የወሰደው ይሄ ነው" አለ። ሌላው ያንኑ ተቀብሎ ደገመው። ጋቢዬን ከኋላ ያዙት። ከዘራዬን ማን እንደወሰደው አላወቅሁም። በዚያች ደቂቃ መሞቴ ነው ብዬ አመንኩ።

ዝቅ አልኩና ከቦዩ ዳር እርጥብ ሣር ነጨሁ። በሁለት እጄ ይዤ ሴቲቱ ፊት ተንበረከክሁ። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ ይቆማል። ያን ሣር ተሻግሮ የሚማታ ሰው የለም። በወጣትነቴም በሽምግልናዬም ስንት ጊዜ የሌላ ሰው ጠብ አቁሜበታለሁ። ለራሴ ይዤው ግን አላውቅም ነበር።

ጋቢዬን የያዙት እጆች ለቀቁ።

ከጨንቻ የመጣው ሽማግሌ ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ አጠገቤ መጣ። በጋሞኛ ነው የተናገረኝ፣ ቀስ ብሎ። "እዚያ በር ያስገባህ ሽበትህ ነው። ከዚህም የሚያተርፍህ ሽበትህ ነው። ጎልማሳ ብትሆን ዛሬ አጥንትህ ይሰበር ነበር።"

ሴቲቱ ሣሩን ከእጄ ወሰደች። "ሽማግሌ አንበርክኬ አልሄድም። ሣሩን ተቀብያለሁ። ልቤ ግን አልተቀበለም።" ከዚያ "ይነሱ" አለችኝ።

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ታያለች። ማንኛችን አያቷ እንደሆንን ጠፍቷታል። እውነተኛው አያቷ ከፌስታሉ አንድ ትልቅ ቀይ ፖም አውጥቶ ዘረጋላት። "ነይ የኔ እናት፣ እኔ ነኝ" አላት። እሷ ግን የእናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ ጮኻ አለቀሰች። እሱ ፖሙን እንደዘረጋ ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ነገር ይበልጥ የጎዳኝ ይሄ ነው። ሰውየው ከጨንቻ ድረስ ወርዶ የመጣው ለዚህች ደቂቃ ነበር።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አማረች አልተቆጣችም። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጭቃ አየችና "ቢገድሉህስ ኖሮ አባዬ?" ብቻ አለች። ተስፋዬ ከመንገድ ደውሎ ሰማ። በኋላ "አባባ፣ ስለ በሩ ልክ ነበሩ እኮ" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስኩ። ዘበኛውን ሊያባርሩት ነበር። ርእሰ መምህሩን "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንዴ የተታለለ ዘበኛ ሁለተኛ አይታለልም፤ አዲስ ከምትቀጥሩ እሱን ያዙት" አልኩት። ዘበኛው በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። "አባባ፣ ሽማግሌ አቁሜ ማን ነህ ብዬ ብጠይቅ እናቴ ምን ትለኛለች?" አለኝ። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት እንደዚያው ነው። ትልቅ ሰው ና ካለህ ሂድ፣ ያዝ ካለህ ያዝ፣ አትጠይቅ እያልኩ።

አማረች ምህረትን ያስመዘገበችው እዚያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከርኳት። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ዘበኛ ልጁን ሁሉ ታውቃለች አልኳት። "አባዬ፣ እዚያ አንዴ ደንግጠዋል። የደነገጠ ይሻለኛል" አለችኝ።

አሁን ምህረትን የምመልሳት እኔ ነኝ። ያው ዘበኛ በየቀኑ ያቆመኛል። ይነሳል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ በሁለት እጁ ይጨብጠኛል። ከዚያ መዝገቡን ያወጣል። "ስምዎትን ይጻፉ አባባ።" በየቀኑ። እኔ ደግሞ ስሜን እስክጽፍ ከኋላዬ ሰልፍ ይሠራል። አንድም ቀን አላጉረመረምኩም።

ምህረትን አስተምሬያታለሁ። ከማንም ጋር አትሂጂ፣ ከማንም ምንም አትቀበዪ ብያታለሁ።

"ሽማግሌ ቢሆንስ?" አለችኝ።

"ሽማግሌም ቢሆን።"

"አያት ቢመስልስ?"

"ቢመስልም" አልኳት።

ኤደንን በሩ ላይ አያታለሁ። እኔን ስታይ ከእናቷ ግራ ወደ ቀኝ ትዞራለች። እናቷ በአንገቷ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ አያልፍም።

በጥቅምት አንድ ዘመዴ ከጨንቻ ፖም አመጣልኝ። ሁለት ትልልቆቹን መርጬ በጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ኤደን ከእናቷ ጋር ወጣች። እጄን ወደ ቋጠሮው ላኩ። ልጅቷ እጄን አይታ ቆመች። ያኔ ለምህረት የነገርኳት ትዝ አለኝ። ለእሷም ይሄንኑ ነግረዋታል። ልክ ነው። ቋጠሮውን ሳልፈታ አለፍኩ።

አንዱን ፖም እቤት ለምህረት ሰጠኋት። ወዲያው አልበላችውም። አገላብጣ አየችውና "ከማን ነው?" አለችኝ።

"ከእኔ ነው" አልኳት።

ቀና ብላ ፊቴን ትንሽ አየችኝ፤ ከዚያ ገመጠችው። ሁለተኛው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ተጨማዷል። አማረች ልትጥለው ስትል ተዪው አልኳት። ስለ በሩ ልክ ነበርኩ። አሁን በየቀኑ ስሜን እየጻፍኩ የማስበው ግን፣ ምነው ያን ቀን ተሳስቼ በነበር እያልኩ ነው።